ነጩ ቴትራሳይክሊን

የልጄን የአጸደን ዓይን የመታው የባሕር ዛፍ ጫፍ ነው። ኮልፌ አጠና ተራ ጋ ስታልፍ ሰዎች ከጭነት መኪና ላይ አጠና ያወርዱ ነበር፤ የአንዱ ጫፍ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን ገረፋት። አልደማም። "ደህና ነኝ እማ" አለችኝ። እኔ ግን ደህና ነኝ የሚለኝን ሰው አምኜ አላውቅም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የዓይን ቅባት ሰጡን። ጎረቤቶቼ ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቂላት አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ብቀባትም ዓይኗ ቀላ፤ ቀጥሎ አበጠ፤ ቀጥሎ በጥቁሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ታየች። የጤፍ ፍሬዋ ወደ ስንዴ ስታድግ የአባቷን መመለስ አልጠበቅኩም። ባሌ መኳንንት የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ጊዜ አሰብ ነበር።

ውይይት ታክሲ ውስጥ "ዘነበወርቅ ወራጅ አለ" ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መጀመሪያ ጣቶቼን አየች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበች። ዘነበወርቅ የሚወርድ ሁሉ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ይመስላቸዋል። በሌላ ቀን ቢሆን እናደድ ነበር።

የዘነበወርቅ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ዶክተር ሀብተማርያም ወጣትና ቀጭን ነው። ለአጸደ ማደንዘዣ ጠብታ ካደረገላት በኋላ ከነጩ ነገር ላይ በቀጭን ምላጭ ትንሽ ፍቆ፣ መስታወት ላይ አድርጎ፣ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ክፍል ሄደ። ሲመለስ አልተቀመጠም። ቆሞ የሚናገር ሐኪም ደግ ነገር እንደማይናገር አውቃለሁ።

"ፈንገስ ነው" አለኝ። "ሻጋታ በሉት። ከባሕር ዛፉ ጋር ገብቶ ነው።"

"ሻጋታ? ዓይን ላይ?"

"ዓይንም እርጥብ ነው፤ ይበቅልበታል። እስካሁን የቀባችሁት ቅባት ለዚህ አይሠራም።"

"የሚሠራውን ይስጡኛ እንግዲህ።"

"ናታማይሲን የሚባል ጠብታ አለ። አገር ውስጥ ግን የለም። ውጭ አገር ሰው አላችሁ?"

"የለንም። ካልተገኘስ?"

አጸደን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ከተበሳ ዓይኑን ከማውጣት ሌላ የማደርገው ነገር የለም። ጊዜ ደግሞ የለንም።"

አጸደ ሰምታለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ከሁሉም በላይ ትሰማለች። እጄን ጨበጠች።

እኔ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ። የመድኃኒቱን ስም አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ አነበዋለሁ።

የምሠራው የፈረንጅ አይብ የሚሠራበት ፎርማጆ ፋብሪካ ነው። ድሮ የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ ጣሊያኑ ሄደ፣ ፎርማጆው ቀረ። የኔ ሥራ ማቆያ ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን ክብ ክብ ፎርማጆዎች እንዳይሻግቱ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጬ በብሩሽ እቀባቸዋለሁ። ዱቄቱ ከሆላንድ የመጣ ነው። የንብረት ክፍሉ ገረሱ በየጠዋቱ ጣሳውን ይከፍትና በማንኪያ ለክቶ በወረቀት ይሰጠኛል። ጣሳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ለዚያ ይመስል ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ምክንያቱም መርዝ ቢሆንስ እያልኩ ስለምፈራ ነው።

"ዶክተር፣ እሱ መድኃኒት እኛ መሥሪያ ቤት አለ" አልኩት። "ፎርማጆ እንቀባበታለን።"

መጀመሪያ የተረበሽኩ መስሎት በርኅራኄ አየኝ። ስሙን ፊደል በፊደል ስነግረው ግን ተቀመጠ።

"ልክ ነው፤ ለምግብም ይጠቀሙበታል" አለ ቀስ ብሎ። "ከምን ጋር ነው የተቀላቀለው?"

"ግማሹ የወተት ስኳር ነው ይላል። ሌላ አይልም።"

"የወተት ስኳሩ ዓይን አይጎዳም። የሚያስፈራኝ ንጽሕናው ነው። ለአይብ የተሠራን ነገር ዓይን ላይ ማድረግ፣ ሌላ ምርጫ ቢኖረኝ አላስበውም ነበር።" ጣቶቹን አፋተገ። "ትንሽ ካገኛችሁ አምጡልኝ። ፋርማሲስታችን አጽድቶ የሚያዘጋጅበትን መንገድ እጠይቃለሁ። አልዋሻችሁም፤ ላይሠራም ይችላል። ልጅቱ ግን ዛሬውኑ ትተኛ።"

አጸደን አስተኝቼ ስወጣ በተሸፈነው ዓይኗ በኩል ሳምኳት። "እማ፣ ፎርማጆ ሊያደርጉኝ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩላት።

በማግስቱ መጀመሪያ ያደረግኩት መጠየቅ ነው። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ደመቀ የሚቀመጠው ጣሊያኑ ምሳ ይበላበት በነበረው ክፍል ነው።

"ጓድ ደመቀ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት።"

"አብዮታዊት እናት አትለምንም፤ ትጠይቃለች። በይ ጠይቂ።"

ነገርኩት። በክፋት ሳይሆን በመገረም ሳቀ።

"ለፎርማጆ የሚቀባውን ነገር ልጅሽ ዓይን ውስጥ? ማነው ይህን የመከረሽ፣ ጠንቋይ?"

"ሐኪም ነው።"

"ሐኪም ከሆነ መድኃኒት ቤት ይዘዝልሽ።"

"አገር ውስጥ የለም ብሏል።"

ሳቁ ጠፋ። "ስሚ ወለተጻድቅ። ይህ ዱቄት በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ያለችን ያቺ አንዲት ጣሳ ነች። መደርደሪያው ላይ ያለው ፎርማጆ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች የሚቀርብ ነው። አንዱ ቢሻግት የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ። እኔ ስጠየቅ ማንን ነው የማሳየው?"

"እኔን።"

"ተግባባን። ከበዓሉ በኋላ ማመልከቻ አስገቢ፤ ኮሚቴው ያየዋል።"

"ከበዓሉ በኋላ እኮ ዓይን አይኖራትም።"

ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። "እኔም ልጆች አሉኝ" አለ። እንዳዘነልኝ ገባኝ፤ እንደማይሰጠኝም ገባኝ። ከሁለቱ የከፋው ግን አሁን ዱቄቱን እንደምፈልገው ማወቁ ነበር።

ከፋብሪካው ስንወጣ እንፈተሻለን። ሴቶችን የምትፈትሸው እትዬ አየለች ናት፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ከጡት መያዣ እስከ ጫማ ድረስ ነው እጇ የሚገባው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ቅቤ በፌስታል አድርጋ ሆዷ ላይ አስራ ስትወጣ ያዘቻት። ልጅቱን አሻጥረኛ ብለው ወሰዷት፤ የት እንዳለች እስካሁን አናውቅም። በቅቤ እንዲህ ከሆነ በውጭ ምንዛሪ ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። እኔን ቢወስዱኝ አጸደ ዓይኗንም እናቷንም ልታጣ ነው። ይህን ሁሉ አስቤ ቤቴ ገባሁና መሳቢያውን ስከፍት ቴትራሳይክሊኑን አገኘሁት።

ቶንሲሌን ታምሜ የተረፈኝ ነው፤ ቀይና ቢጫ ካፕሱል። አንዱን በቀስታ ስስበው ለሁለት ተከፈተ፤ ውስጡ ያለውን ቢጫ ዱቄት ደፋሁት። ባዶውን መልሼ ስገጥመው ምንም አይታወቅም። እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ አራት ካፕሱል ባዶ አደረግኩ።

ጠዋት ገረሱ የለካልኝን ዱቄት ይዤ ማቆያ ክፍል ገባሁ። ከመበጥበጤ በፊት፣ አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ ጀርባዋን ሰጥታ ፎርማጆ ስታገላብጥ፣ ካፕሱሎቹን ሞላሁ። የቀረውን በተለመደው የውሃ ልክ በጠበጥኩ።

ዘይነባ ብሩሹን ስትመለከት ቆየች። "ወለተ፣ ዛሬ ውሃው ቀጥኗል" አለችኝ።

"ክረምት ነው፤ ሁሉ ነገር ይቀጥናል።"

"ሰውም ይቀጥናል" አለች ፊቴን እያየች።

ማታ በር ላይ እትዬ አየለች ቦርሳዬን ከፈተች። ካፕሱሎቹ በመድኃኒት ቤት ወረቀት ተጠቅልለዋል።

"ምንድነው ይሄ?"

"ቴትራሳይክሊን ነው እትዬ። ቶንሲሌ ተነሥቶብኝ።"

"እሰይ! እግዜር ነው ያመጣሽ" ብላ ጣቷን አሳየችኝ። ቆርቆሮ ቆርጧት በጨርቅ አስራዋለች፤ አመርቅዟል። "አንድ ስጪኝ፣ ልበትንበት።"

እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ማን ነው ለቁስል ቴትራሳይክሊን የሚከለክል? እምቢ ብል እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የምትጠረጥረኝ። አንዱን ሰጠኋት። ካፕሱሉን በጥርሷ ይዛ ከፈተችው፤ ቁስሉ ላይ ደፋችው። ነጭ ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ውስጡ ቢጫ ነበር እኮ" አለች።

"የቡልጋሪያ ነው፤ አዲስ የመጣ" አልኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ነጩን ዱቄት አየች፤ እኔን አየች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች "ኧረ እትዬ፣ አውቶቡስ አመለጠን!" ይላሉ። ጣቷን በጨርቁ መልሳ አሰረች። "ቡልጋሪያ ደግሞ ነጭ አድርጋ ላከችልን" አለች። "በይ እለፊ።"

ሆስፒታል ደርሼ ካፕሱሎቹን ለዶክተር ሀብተማርያም ስሰጠው ከየት እንደመጡ አልጠየቀኝም። ከፍቶ ሲያይ ግን ካፕሱሉን አገላበጠና "ጎበዝ" አለኝ፤ ብቻ። ከፋርማሲስቱ ጋር ገብተው ብዙ ቆዩ። ይዘው የወጡት ወተት የመሰለ ነገር ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ አጸደ ጮኸች። ዓይኗ የጠፋ መሰለኝ። እኔው በገዛ እጄ አጠፋኋት አልኩ። ሐኪሙ "ይቆጠቁጣል፤ ያው ነው" አለኝ፤ እሱም ግን ግንባሩ አልቦ ነበር።

በየሰዓቱ ጠብታ ያደርጉላት ጀመር። በየጥቂት ቀኑ ጠርሙሱ ስለሚያልቅ በየጥቂት ቀኑ አራት ካፕሱል ይዤ በበሩ አልፋለሁ። እትዬ አየለች ወረቀቱን ትነካና ታልፈዋለች። አንድ ማታ ግን እጇን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

"ቶንሲልሽ አልዳነም?"

"አልዳነም እትዬ።"

"የኔም ጣት አልዳነም።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "መድኃኒትሽ ለቁስል አይሆንም ወለቴ። ለሻጋታ ነው መሰለኝ።"

መልስ ስፈልግ የሚቀጥለዋን ሴት ጠራች። በዚያች ሌሊት አንዲት መኪና በሰፈራችን ባለፈች ቁጥር ጫማዬን አደርግ ነበር። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ጊዜም እጇን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፍ ሌላ ምንም አላደረገችም። ለማን እንደምትነግር፣ መቼ እንደምትነግር ሳላውቅ በፊቷ ማለፍ ከመያዝ የባሰ ነበር።

ቀድሞ የተናገረው ግን ፎርማጆው ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። መጀመሪያ ያየችው ዘይነባ ነች። ሳትጠይቀኝ ጨው በውሃ በጠበጠች፤ ጨርቅ ነክራ ፎርማጆውን ፈተገችው፣ ጠፋ። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ላይ ወጣ። ሁለታችንም ከቀባነው በኋላ በጨው ውሃ መፈተግ ጀመርን። "ጣሊያኑ ድሮ እንዲህ ነበር የሚያሠራን፤ ዱቄት የት ነበረ?" አለችኝ ዘይነባ፣ እንደ ቀልድ። ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩ። ነገር ግን ጓድ ደመቀ አንድ ጠዋት ያልደረስንበትን አንዱን አንሥቶ አየው።

"ይህ ምንድነው?"

"ክረምቱ ከብዶ ነው ጓድ" አልኩ።

"አምናም ክረምት ነበር።" ብሩሹን ነጠቀኝና አሸተተው። "ከነገ ጀምሮ የምትሠሪው ወተት መቀበያ ነው። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይይዘዋል።"

ያን ዕለት እሱ ከመምጣቱ በፊት ካፕሱሎቹን ሞልቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ዱቄት የማገኝበት መንገድ የለም። ትናንት ማታ ደግሞ ዶክተሩ "ነጩ መቀነስ ጀምሯል፤ አሁን ካቋረጥን ግን ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጠርሙስ ከተገኘ በቂ ይመስለኛል" ብሎኛል። አራቱ ካፕሱሎች ያቺ ጠርሙስ ነበሩ።

ማታ ስወጣ በሩ ላይ ጓድ ደመቀ ራሱ ቆሟል። እትዬ አየለች አጠገቡ ናት። ዝናብ ይዘንባል። ልመለስ አሰብኩ፤ ከሰልፍ ወጥቶ መመለስ ግን ራሱ መናዘዝ ነው። ተራዬ ደረሰ። እትዬ አየለች ቦርሳዬን ከፈተች፤ ወረቀቱን አወጣች። ሌላ ቀን ትነካው ነበር እንጂ አታወጣውም።

"ምንድነው?" አለ ደመቀ።

"ቴትራሳይክሊን ነው" አለች እሷ። "ቶንሲሏ ነው፤ ከሰነበተ ቆይቷል።"

ደመቀ ወረቀቱን ተቀበላት። አንዱን ካፕሱል በሁለት ጣቱ አነሣና ብርሃን ላይ አየው። ያየኝ ያን ጊዜ ነው። ያኔ ክፍሉ ውስጥ የለመንኩት ትዝ እንዳለው ከዓይኑ አነበብኩ።

"ክፈቺው" አላት።

ቢጫውን የማያውቅ ሰው አገሩ ላይ የለም። አለቀ አልኩ። ለአጸደ ማን እንደሚነግራት አሰብኩ፤ የማን ድምፅ እንደሚሆን።

እትዬ አየለች አልከፈተችውም። "ኧረ ጓድ፣ የድሃ መድኃኒት ከፍቶ ዝናብ ላይ መድፋት ደግ ነው?" አለች። "ታማ እንደሆነ እዚሁ ትዋጠው። ሌላ ነገር እንደሆነ እንዴት ትውጠዋለች? ፊቷ ይናገር የለ።"

ከሰልፉ አንዷ ሳቀች። ደመቀ አሰበበት። ወደደው መሰለኝ፤ ካፕሱሉን ወደ እኔ ዘረጋው።

"ዋጪ።"

"ጾመኛ ነኝ ጓድ፤ ፍልሰታ ነው" አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ምናልባት የወተት ስኳሩ ትዝ ብሎኝ ነው።

"ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ዋጪ።"

ውሃ አልነበረም። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ፣ መርዝ ቢሆንስ እያልኩ የፈራሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ ልጄ ዓይን ውስጥ የሚገባው ይህ አይደለም ወይ ብዬ ዋጥኩት። መንገድ ላይ ተቀረቀረ፤ ዳግም ዋጥኩ። ደመቀ ፊቴን እያየ ቆየ። እኔም አየሁት። ዓይኔን ብሰብር እንደሚያልቅልኝ አውቃለሁ።

"አፍሽን ክፈቺ" አለች እትዬ አየለች፣ እንደ ጥሩ ፈታሽ። ከፈትኩ። "ዋጠችው" አለች።

ደመቀ ወረቀቱን መለሰልኝ። "ይማርሽ" አለ። ከልቡ ይሁን ለቀልድ አላወቅኩም።

ከበሩ ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ እትዬ አየለች ከኋላዬ ጮክ ብላ "ወለቴ! ጃንጥላሽን!" አለች። ጃንጥላ አልነበረኝም። ዞር ስል አሮጌ ጃንጥላ እየዘረጋች ደረሰችብኝ። "ለማን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለልጄ ዓይን።"

ከንፈሯን መጠጠች። "ታዲያ ያኔ ብትነግሪኝ ጣቴ ላይ አልደፋውም ነበር" አለችና ወደ በሩ ተመለሰች።

ሦስት ካፕሱል ቀርተውኛል። ዶክተር ሀብተማርያም ዘረገፋቸውና "ከዚህ የሚወጣው ትንሽ ነው" አለ። "አንዱ የት ሄደ?"

"ዋጥኩት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ተሰማዎት?"

"ፍርሃት።"

"እሱ ከመድኃኒቱ አይደለም" አለ፤ ካወቅኩት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ጠርሙሷን እየቆጠቡ አደረጉላት። ከዚያ አለቀች። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ወተት መቀበያ ባልዲ ስሸከም ውዬ፣ ማታ ማታ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ፋሻውን አያለሁ። በሥሩ ነጩ ሲያድግ በሐሳቤ አየዋለሁ። ዘይነባና አዲሲቷ ቀቢ ፎርማጆዎቹን እየፈተጉ ለበዓሉ አደረሷቸው ሲሉ ሰማሁ፤ ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም።

ፋሻው የተነሣ ዕለት ዶክተሩ በመብራቱ ብዙ አያት። "ጠባሳ ይኖራል" አለ። "ጭጋግ ይመስላል፤ አይጠፋም። አልተበሳም ግን። የሚታያትን እንይ።" ጤነኛውን ዓይኗን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎ ከበሩ ጋ ይቁሙና እጅዎን ከፍ ያድርጉ።"

ከበሩ ጋ ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። አጸደ በዚያ ቀይ፣ ነጭ ጠባሳ ባለበት ዓይኗ ወደኔ አቀናች። አጨነቆረች። ዝምታዋ ሲረዝም እኔ በልቤ በአንድ ዓይን የሚነዱ ሰዎችን፣ በአንድ ዓይን የሚማሩ ልጆችን፣ በአንድ ዓይን የሚዳሩ ሴቶችን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

"ምን ይታይሻል?" አላት ዶክተሩ።

"እማ" አለች አጸደ፤ "እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?"

እጄን አላወረድኩም። ደግማ እንድትለኝ ፈልጌ ነው።